ለአሜሪካ ኮሌጆች «የመግቢያ ዕድል ግምት» የሚሸጠው የፒያሳ ቢሮ፦ ሪፖርቱ ከዋጋው ጋር ይመጣጠናል?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ከሥር ፎቶ ኮፒ ቤት ባለበት ሕንፃ ላይ የሚሠራ አንድ የትምህርት ማማከሪያ ቢሮ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥቂት አመልካች ብቻ በሚቀበሉት የአሜሪካ ኮሌጆች የመግባት ዕድላቸው ምን ያህል እንደ ሆነ በመቶኛ አስልቶ የሚሰጥ አገልግሎት ጀምሯል። ዋጋው 3,500 ብር ሲሆን፣ ለዚህ ገንዘብ ረዘም ያለ ቃለ መጠይቅ፣ አሥር ኮሌጆችን የያዘ ባለቀለም ሪፖርትና ሪፖርቱ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ አንድ የማብራሪያ ቀጠሮ ይገኛል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የገባችውን የእኅቴን ልጅ ይዤ ሄጄ አገልግሎቱን ተጠቅሜያለሁ። የቢሮውን ስም መጥራት አላስፈለገኝም፤ ይህን መሰል ሪፖርት የሚሸጡ ሌሎችም ስላሉ የምጽፈው ስለ አሠራሩ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ በሪፖርቱ ላይ የታተሙት ቁጥሮች 3,500 ብር አያወጡም፤ ቁጥሮቹን ያስረዳን ወጣት አማካሪ ግን ያወጣል።

በቃለ መጠይቁ ቀን የሚፈለገው ሰነድ ቀላል ነው። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ኮፒና ኤስኤቲ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና ውጤት ይበቃል፤ ፈተናውን ያልወሰደ ተማሪ የልምምድ ውጤቱን ማቅረብ ይችላል። የእኛዋ ልጅ ብሉቡክ በሚባለው የፈተናው ፕሮግራም ተለማምዳ ያገኘችው ከ1600 1390 ነበር። ከዚያ በኋላ አማካሪው በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፎርም እያነበበ ይጠይቃል፤ አማካይ ውጤት ስንት ነው፣ ከክፍል ደረጃ በላይ የሆኑ ኮርሶች ስንት ወስደሻል፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ያገኘሽው ሽልማት አለ ወይ፣ የመራሽው ክበብ አለ ወይ፣ እያለ ይቀጥላል። የቤተሰቡ የመክፈል ዐቅም የሚነሣው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ያውም የገንዘብ እርዳታ ያስፈልግሻል ወይስ አያስፈልግሽም በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ።

ሪፖርቱ ሲደርሰን ወረቀቱ ጥሩ፣ ኅትመቱም የጠራ ነበር። አሥሩ ኮሌጆች በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ተከፍለው ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ እስከ አንድ አሥርዮሽ ነጥብ የተሰላ ቁጥር ሰፍሯል። ለሃርቫርድ 6.8 ከመቶ፣ ለዳርትመዝ 9.3 ከመቶ፣ በአረንጓዴው ክፍል መጨረሻ ለተቀመጠ አንድ ብዙም የማይታወቅ ኮሌጅ ደግሞ 71.5 ከመቶ ይላል። አንድ ነጥብ እንኳ ሳትቀር የተለካች የምትመስል እንዲህ ያለች ቁጥር በወላጅ ላይ ያላት ኃይል ቀላል አይደለም፤ እኅቴ 71.5 የሚለውን ስታይ ፊቷ ፈካ፣ «ቢያንስ አንዱማ አይቀርም» አለች።

ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት በማብራሪያው ቀጠሮ ላይ አማካሪውን አንድ ነገር ለመንሁት። ፎርሙን እንደ ገና ከፍቶ፣ እርዳታ ያስፈልጋል የሚለውን መልስ ወደ «አያስፈልግም» እንዲቀይረውና ስሌቱን እንዲደግመው ጠየቅሁ። ልጁ ቅን ነው፤ ሳያንገራግር አደረገው። የሃርቫርዱ ቁጥር 6.8 እንዳለ ቀረ፤ የሌሎቹም ዘጠኝ ኮሌጆች ቁጥር አንድ አሥርዮሽ እንኳ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ የከፍተኛ ደረጃ ኮርሶችን ብዛት ከ0 ወደ 6 እንዲያደርገው ጠየቅሁ፤ የሃርቫርዱ ቁጥር ወደ 11.2 ዘለለ። አማካሪው ፎርሙ የቢሮው ሳይሆን ለአሜሪካ ተማሪዎች የተሠራ የኢንተርኔት ማስሊያ መሆኑንና እነርሱ ውጤቱን ወደ ሪፖርት እንደሚገለብጡት ሳይደብቅ ነገረን። ይህን በግልጽ መናገሩን አከብርለታለሁ፤ ነገር ግን ሪፖርቱ ራሱ ይህን በየትም ቦታ አይጠቅስም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ሁለቱም ለውጦች ያሳዩት ነገር ቢኖር፣ ማስሊያው ለጎንደር ልጅ ከሁሉ በላይ ወሳኝ የሆነውን ነገር ጨርሶ እንደማያይ፣ የማይመለከታትን ነገር ደግሞ አብዝቶ እንደሚቆጥር ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ዛሬ በእነዚህ ኮሌጆች የአንድ ዓመት ወጪ ምግብና መኝታን ጨምሮ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ በገበያ መተመን ከጀመረ በኋላ ይህ በእኛ ገንዘብ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢው ያውቀዋል። ስለዚህ ከዚህ ከተማ የሚያመለክት ልጅ ከጥቂቶች በስተቀር ሙሉ እርዳታ ጠያቂ ነው። ኮሌጆቹ ደግሞ የውጭ አገር አመልካችን በተመለከተ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ልጁ እርዳታ መጠየቁን በቅበላው ውሳኔ ውስጥ አያስገቡም፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የቆየ ልማዳቸው ይህ ሲሆን፣ ዳርትመዝና ቦውደን እ.ኤ.አ. በ2022 ተጨምረዋል፤ ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ይህንኑ መንገድ ይዟል። ሌሎቹ፣ ማለትም እጅግ የሚበዙት፣ የውጭ አገር አመልካች እርዳታ መጠየቁን ውሳኔ ውስጥ ያስገባሉ። ስታንፎርድ እንኳ ለውጭ አገር ዜጎች ከእነዚህ ወገን ነው፤ በዚያ ላይ ሲያመለክት እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ ከገባ በኋላ በአራቱ ዓመታት ውስጥ ለመጠየቅ አይችልም። እንግዲህ «አዎ» እና «አይ» የሚለው መልስ ቁጥሩን ምንም የማያነቃንቀው ከሆነ፣ በሪፖርቱ ላይ ያለው መቶኛ የክፍያ ዐቅም ያለው የአንድ ሌላ ልጅ ዕድል እንጂ የእኛዋ ልጅ ዕድል አይደለም።

የአረንጓዴው ክፍል ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካዊ ተማሪ «እዚህስ አልቀርም» ብሎ በመጠባበቂያነት የሚይዘው ኮሌጅ፣ ውጤቱም የሚበቃበት፣ ቤተሰቡም የሚከፍልበት ኮሌጅ ነው። ሙሉ እርዳታ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ ግን ብዙ አመልካች የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ መጠባበቂያ አይሆንም፤ ተቀባይነትን በደስታ ጽፎ ይልካል፣ የሚሰጠው እርዳታ ግን ከወጪው ሩቡን እንኳ ላይሸፍን ይችላል። እኅቴን ያስደሰተው 71.5 ከመቶ የሚለው ኮሌጅ እንዲህ ያለው ነበር፤ ደብዳቤውን ተቀብሎ ቪዛ ለመጠየቅ ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት ስለሚያስፈልግ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ያለ ተማሪ በሚዘጋጅ ሪፖርት ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ባይኖር ይሻላል።

ሌላው ችግር አማካዩ ራሱ የማን አማካይ እንደ ሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሃርቫርድ ከ54,008 አመልካቾች 1,937ቱን፣ ማለትም 3.6 ከመቶ ያህሉን ተቀብሏል። ማስሊያው ከዚህ አማካይ ተነሥቶ የልጅቱን ውጤት እያየ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋዋል። በዚያ 3.6 ውስጥ ግን እንደኛ ያሉ አመልካቾች ብቻ አይደሉም ያሉት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተቋጨው፣ ሃርቫርድ ተማሪ ሲቀበል ዘርን በመቁጠሩ በተከሰሰበት ክስ ሂደት ለአደባባይ የበቁት መረጃዎች እንዳሳዩት፣ በተመረመሩት ስድስት ዓመታት ውስጥ ወላጆቻቸው በዚያው የተማሩ አመልካቾች ሲሶ ያህሉ ሲገቡ ከሌሎቹ የገቡት 6 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ለስፖርት የሚመለመሉት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ዕድል ነበራቸው። ኤምአይቲ ወላጅ በዚያ መማሩን ቆጥሮ አይቀበልም፤ እዚያም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ከጠቅላላው 28,232 አመልካቾች የተቀበለው 4.5 ከመቶ ሆኖ ሳለ ለውጭ አገር አመልካቾች ቁጥሩ ወደ 2 ከመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከአጠቃላይ አማካይ ተነሥቶ ለጎንደር ልጅ 6.8 ብሎ መጻፍ፣ የሌላ ሰው ጫማ ልክ ይዞ ጫማ እንደ ማዘዝ ያለ ነው።

እንግዲህ እኛ ይህን ቁጥር ለመግዛት ለምን እንቸኩላለን ብዬ ሳስብ ምክንያቱ የራሳችን ልማድ ይመስለኛል። በእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በነጥብ ያለቀ ጉዳይ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ወዲህ ያለፉት ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በቀጣዩ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ፤ ቁጥሩ ከሃርቫርድ ጋር ይመሳሰላል፣ ነገሩ ግን የተለየ ነው። በማትሪክ ግማሹን ያመጣ ያልፋል፣ ያላመጣ ይወድቃል፤ የልጁን የሞዴል ፈተና ውጤት አይቶ የማትሪኩን መገመት የሚችል መምህር በየትምህርት ቤቱ አለ። በእነዚያ ኮሌጆች ግን የሚታለፍ ነጥብ የለም። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው አመልካቾች ከቦታው ብዙ እጥፍ ስለሆኑ ኮሌጁ ድርሰቱን፣ የመምህራንን ደብዳቤ፣ ልጁ ያደገበትን ሁኔታ እያነበበ በየዓመቱ የሚፈልገውን ዐይነት ስብስብ ይመርጣል። ነጥብ በሩን ያስከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ማስሊያ አያሰላውም። አማካሪው ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተከራከረም፤ «ወላጆች ግን ቁጥር ካላዩ አይከፍሉም፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ከሁሉ የከፋው የሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ ነው። አሥሩን ኮሌጆች አንድ ላይ አድርጎ «ቢያንስ ከአንዱ የመግባት ዕድል» የሚል ትልቅ ቁጥር ያትማል። ስሌቱ በትምህርት ቤት የተማርነው የፕሮባብሊቲ ስሌት ነው፤ አሥር ኮሌጆች እያንዳንዳቸው 5 ከመቶ ዕድል ቢሰጡና አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ ቢሆን፣ ሁሉም የመከልከላቸው ዕድል ወደ 60 ከመቶ ይወርድና ቢያንስ አንዱ የመቀበሉ ዕድል 40 ከመቶ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ መነሻው ግን ውሃ አያነሣም። አሥሩም ኮሌጆች የሚያነቡት ያንኑ ድርሰት፣ ያንኑ ትራንስክሪፕት፣ ያንኑ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ አንዱን ያላሳመነው ደካማ ደብዳቤ ሌላውንም አያሳምነውም፤ ሙሉ እርዳታ መጠየቁም አንዱን ካሳሰበ ሌሎቹንም ያሳስባል። ስለዚህ ውድቀቶቹ አብረው ይመጣሉ፣ የተባለው 40 ከመቶም በእውነቱ ከዚያ እጅግ ያንሳል። የሒሳብ መምህር የሆነ ሰው ይህን ገጽ ቢያይ በቀይ ይሰርዘዋል። ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ይህን ገጽ ያየ ቤተሰብ ብዙ ኮሌጅ መደርደር ብቻውን ዋስትና ይመስለውና ልጁ በአሥር ስስ ማመልከቻዎች ጊዜውን ይጨርሳል።

ወደ ኮርሶቹ ጥያቄ ስመለስ፣ ማስሊያው «0» የሚለውን ያየው እንደ ስንፍና ነው። በጎንደር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እነዚያ የአሜሪካ ኮርሶች የሉም፤ ልጅቱ ያልወሰደችው ስለሌሉ ነው። የኮሌጆቹ አንባቢዎች ግን ልጅን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ከሚያቀርበው አንጻር ነው፤ ለዚህም ሲባል ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚቀበሉት የኮመን አፕ ማመልከቻ ውስጥ ትምህርት ቤቱ የሚሞላው የራሱ ቅጽ አለ፤ ከቅጹ ጋር ስለ ትምህርት ቤቱ የሚያስረዳ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይያያዛል። ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰጥ፣ 85 ማምጣት በዚያ ትምህርት ቤት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚነገረው እዚያ ላይ ነው። የእኛዋ ልጅ ትራንስክሪፕት አማካይ 91፣ ደረጃ ደግሞ ከ58 ተማሪዎች 2ኛ ይላል። ማስሊያው 91ን በአሜሪካ መለኪያ ለውጦ ያዘና ደረጃውን ጨርሶ ጣለው፤ በእኔ ግምት ግን ከዚያ ወረቀት ሁሉ ዋጋ ያለው መረጃ ያ «2ኛ» ነበር። ሪፖርቱ ስለ ትምህርት ቤቱ ቅጽ አንድ ቃል አይልም። ርእሰ መምህሩ ይህን ጽሑፍ ከዚህ በፊት አዘጋጅተው የማያውቁ ከሆነ፣ በመስከረም መጀመሪያ በአክብሮት ቀርቦ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ማኅተም ለማስመታት የሚወስደውን ጊዜ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ስለ አማካሪው ልናገር፤ ገንዘቤን ያላስቆጨኝ እርሱ ነውና። ሪፖርቱን ወደ ጎን አድርጎ ልጅቱን ስለ ኑሮዋ ሲጠይቃት ነገሩ ተለወጠ። በፎርሙ ላይ የመራችው ክበብ «የለም» ተብሎ ነበር የተሞላው። እርሱ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት፤ የሰፈር ልጆችን ለሚኒስትሪ ፈተና ሒሳብ እንደምታስጠና፣ አያቷንም የምታስታምም እርሷ እንደ ሆነች ነገረችው። ኮመን አፕ እስከ አሥር ተግባራት እንዲዘረዘሩ የሚፈቅድ መሆኑንና ከዝርዝሩ መካከል የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል መደብ ራሱን ችሎ እንዳለ ያሳየን እርሱ ነው፤ እኛ አያትን ማስታመም ማመልከቻ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው ብለን አናስብም ነበር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ልጅቱ እንዴት እንደ ተማረች ጠይቆም፣ ይህን በግልጽ የምትጽፍበት በዘንድሮው ማመልከቻ ላይ እስከ 250 ቃል የሚይዝ የችግሮችና የሁኔታዎች ክፍል መኖሩን አመለከታት። «ልቅሶ አታድርጊው፤ የሆነውን ጻፊ፣ ከዚያ ያደረግሽውን ጻፊ» አላት። ይህችን ምክር ብቻ በ3,500 ብር እገዛታለሁ።

ስለ ኤስኤቲም የሰጠው ምክር ከሪፖርቱ የተሻለ ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ፈተናውን በፈቃድ አድርገው የነበሩ ብዙ ኮሌጆች ወደ ግዴታ ተመልሰዋል፤ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024። ቦውደን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ፈተና ሳይጠይቅ የኖረ ነው። በ1390 ሃርቫርድ ከመላክ፣ ጉልበቷን ፈተና ለማይጠይቁት እንድታውል፣ ወይም ደግሞ ነጥቧን በልምምድ አሻሽላ እንድትፈተን ነገራት። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነና የተመዘገብንበት ጣቢያ አዲስ አበባ በመሆኑ ጉዞውንም ሆነ ላፕቶፕ ማግኘቱን አስቀድመን እንድናስብ አሳሰበን። ከዚህም ሌላ በሪፖርቱ ያልነበረውን በኬንታኪ የሚገኘውን ቤርያ ኮሌጅን በእስክሪብቶ ጨመረልን፤ ቤርያ ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፣ ተማሪው ሁሉ ኮሌጁ ውስጥ እየሠራ ይማራል፣ ለተቀበላቸው የውጭ ተማሪዎችም የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ይሸፍናል። የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ይህም ቀላል አይደለም፤ ግን ቢያንስ ከገባች ልትማርበት የምትችለው ቦታ ነው።

የቢሮው መስተንግዶ ጥሩ ነው። ቀጠሮ ያከብራሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን ሥራው ይቆማል።

ሪፖርቱን ሳይገዛ በራሱ መሥራት ለሚፈልግ ወላጅ፣ ብዙዎቹ ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት የሚባለውን ዓመታዊ ሰነድ በየድረ ገጻቸው በነፃ ያወጣሉ። የሰነዱ ሲ ክፍል ስንት አመልክተው ስንት እንደ ገቡ፣ ከነጥብ፣ ከድርሰትና ከድጋፍ ደብዳቤ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ ይናገራል፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኤች 6 የሚለው ቁጥር ነው፣ ኮሌጁ ለስንት የውጭ አገር ተማሪዎች እርዳታ እንደ ሰጠና አማካዩ ስንት ዶላር እንደ ሆነ የሚገኘው እዚያ ነው። አማካዩ ከዓመታዊው ወጪ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ኮሌጁ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ የወጪው ሲሶ ከሆነ ደግሞ መቶኛው ምንም ቢል ይውጣ። ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ መሄድ የሚችል ሰው ወይም በኢሜይል የሚጠይቅ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚሰጠው የኤጁኬሽን ዩኤስኤ ምክር ነፃ ነው።

ወደ ቢሮው መሄድ የመረጠ ቤተሰብ ደግሞ ሪፖርቱ ሳይታተም በፊት የማማከሪያውን ሰዓት ብቻ ለብቻ መግዛት ይቻል እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ እኔ ስጠይቅ በ1,500 ብር እንደሚቻል ተነግሮኛል፣ በግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ላይ ግን አልተጻፈም። ቀደም ያለው የማመልከቻ ጊዜ ጥቅምት 22፣ መደበኛው ደግሞ በብዙዎቹ ኮሌጆች ታኅሣሥ 23 አካባቢ ስለሚዘጋ ከመስከረም ሳያልፍ መሄድ ይገባል። ሲሄዱ የትራንስክሪፕቱን ኮፒ እንጂ ዋናውን አይያዙ፤ ሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤውን በኢሜይል በሚመጣላቸው ማስፈንጠሪያ የሚልኩ ስለሆነም የሚሠራ የኢሜይል አድራሻቸውን አስቀድመው ጠይቀው ይሂዱ።